ከጎሉ አጠገብ የቆመው ወንድሜ

ታላቅ ወንድሜ ዕድሜውን የፈጀው በምንኖርበት ከተማ ባለው ሪደርቫልድ በሚባል ሜዳ ላይ፣ አይሪሾች ኳስ በዱላ በሚመቱበት ጨዋታ ነው። ጉልበቱ እስኪከዳው ተጫወተ፤ ከዚያ የጎል ዳኛ ሆኖ፣ ነጭ ካፖርት ለብሶ ከጎሉ አጠገብ ቆመ። ኳስ ከአግዳሚው በላይ ካለፈች ነጭ ባንዲራ ያነሳል፤ ነጥብ ነው።

አንዴ በዋንጫ ጨዋታ ለተጋጣሚ አነሳና ቡድናችን ተሸነፈ።

«አባባ፣ የማን ወገን ነዎት?» አሉት ተጫዋቾቻችን።

«የእናንተው። ኳሷ ግን አልፋለች።»

ከሞተ ወዲህ ቦታው ባዶ ነው። ባለፈው እሁድ የእንግዶቹ ኳስ ከአግዳሚው በላይ አለፈች። ዳኛው አላየም፤ የኛዎቹ አይተው ዝም አሉ። ባንዲራውን ይዤ ሜዳው መሃል ገባሁ።

«እማማ፣ ይውጡ፤ ኳስ ይመታዎታል» አሉኝ።

«ይምታኝ» አልኳቸው። ነጥቡ ለእንግዶቹ እስኪጻፍ ድረስ አልወጣሁም።