የድብ ባሕሩ ሽቦና የመምህር ህሩይ ደብተር

ይህን ታሪክ ሳልጽፈው ልቀር ምንም አልቀረኝም ነበር። ኳስ ተጫውቼ አላውቅም፤ የማውቀው ማንበብ ብቻ ነው። ሜዳውን የሚያውቁት ቢስቁብኝስ እያልሁ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ሆኖም መምህር ህሩይ የያዛቸውን እልህ ዐይቶ ዝም ማለት ከበደኝ።

መምህር ህሩይ ቀሐ ወንዝ አካባቢ የሚኖሩ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ሃያ ዓመት ኳስ ዳኝተው ጉልበታቸው እንቢ ሲል ፊሽካቸውን ሰቀሉ። የሕጉ መጽሐፍ በግልጽ ያልጻፈው ወይም ለሜዳው የማይመች ነገር በገጠማቸው ቁጥር የሰጡትን ውሳኔ ለራሳቸው ማስታወሻ በአንድ ደብተር ያሰፍሩ ነበር፤ በረኛው የቅዳሴ ደወል ሰምቶ ሲያማትብ ጎል ቢቆጠርበት ምን ይባላል የሚለው ሳይቀር አለበት። አንድ ወጣት ዳኛ ተውሶ ፎቶ ኮፒ አደረገው፤ ከዚያ ሌላው ከእሱ ወሰደ፤ ኋላም የውድድሩ ኮሚቴ ማኅተም መታበት። የመምህሩ አባት በቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ መምህር ስለነበሩ፣ ሰዉ የልጃቸውንም ጽሑፍ በዚያው ዐይን ያየው ጀመር። የሕጉን መጽሐፍ የሚገልጥ ጠፋ።

«ይመስለኛል ብዬ የጻፍሁትን ሕግ አደረጉብኝ!» ይላሉ መምህር ህሩይ በየሳምንቱ።

«ሲመስልህ ዝም ብትል ምን ነበረበት?» ይሏቸዋል ባለቤታቸው ወለተሩፋኤል።

ዘንድሮ በድብ ባሕር ከተማ የዋንጫውን ጨዋታ የዳኘችው የቀድሞ ተማሪያቸው ፀደይ ነበረች። በሜዳው አንድ ጥግ ላይ የመብራት ሽቦ ያልፋል። ኳሷ ሽቦውን ነክታ ስትወርድ ፀደይ ፊሽካ ነፋች፤ የባለሜዳው አጥቂ ግን መትቶ አገባት። ጎሉ ተሻረ፤ ባለሜዳዎቹም ተሸነፉ። አሠልጣኛቸው ባዬ ማኅተም ያለበትን ኮፒ ይዞ ከሰሰ፤ ገጹ «ሽቦ ቢነካ ጨዋታው ይቀጥላል» ይላል። ኮሚቴው የፀደይን የዳኝነት ፈቃድ ሊነጥቃት ቀጠሮ ያዘ። መምህር ህሩይ ይህን ሲሰሙ ደብተራቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከትተው በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍረው ኮሚቴው ፊት ቀረቡ።

«ምነው አያ ህሩይ፣ ሊመሰክሩልን ነው የመጡ?» አለ ባዬ እየሳቀ።

«ፀደይ ልክ ናት። ሽቦ ከነካ ጨዋታው ይቆማል፤ የሕጉ መጽሐፍ እንዲህ ይላል።»

«ደብተሩስ?»

«ደብተሩን የጻፍሁት እኔ ነኝ!»

«እሱማ ሸጋ አርገው ጽፈውታል። ዛሬ ምን ነክቶዎት ነው የሚያፈርሱት?»

የኮሚቴው ሰብሳቢ አለምነህ ትሑት ሰው ነው፤ ትሕትናው ግን ከባዬ ሳቅ ይልቅ መምህሩን አንገበገባቸው። «መምህር፣ አይቀየሙኝና፣ ምናልባት ለተማሪዎ አዝነው ይሆናል። እኛ በደብተሩ ብንሄድ ይሻላል።»

መምህር ህሩይ ዋናውን ደብተር አውጥተው ገጹን ገለጡት። በዳሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ለዛሬ ብቻ፤ ነፋሱ ስለበረታና ሁለቱም አምበሎች ስለተስማሙ» ተብሎ ተጽፏል።

ባዬ አንገቱን አስግጎ አየ። «ኮፒው ላይ የለም።»

«ማሽኑ ዳሩን ስለቆረጠው ነዋ!»

«ማኅተም ያለበት ግን ኮፒው ነው፣ አያ።»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ፀደይ ቀና አለች። «መምህር፣ እኔም ደብተሩን በቃሌ ነው የማውቀው። ያን ፊሽካ ስነፋ እርስዎን የካድሁ መስሎኝ ነበር።»

ይህ ነገር መምህሩን ከክርክሩ ሁሉ አብልጦ ጎዳቸው። እስክሪብቶ አውጥተው ከገጹ ግርጌ ጻፉ፦ «ይህ ደብተር የአንድ ሰው ሐሳብ ነው። ከሕጉ መጽሐፍ ጋር ከተጋጨ የሚሠራው መጽሐፉ ነው። የሽቦው ውሳኔም ለአንድ ቀን ብቻ ነበር።» ፈርመው፣ ቀን ጽፈው ደብተሩን ለሰብሳቢው ገፋ አደረጉለት።

አለምነህ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ፊቱም ፈካ። «እንዲህ ነው እንጂ! ደብተሩ ካለማ ምን ያከራክረናል? ፀደይ ትዳኛለች።»

መምህር ህሩይ ከጠዋት ጀምሮ በአፋቸው ሲሉት የዋሉት ይህንኑ ነበር። ባዬም ኮፒውን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ለመምህር ህሩይ የሚገባቸው ይህ ነው፦ በትክክል የዳኘች ሴት በእሳቸው ጽሑፍ ሰበብ እንዳትቀጣ፣ በገዛ እጃቸው የራሳቸውን ቃል የሻሩ ሰው ናቸው ተብሎ ይነገርላቸው።