በገንዳው ዳር የተጠየቀ ይቅርታ

ኡናይሲ የወንድሜ የሲሬሊ ሚስት ናት። በእኛ ደሴት የባል እኅትና የወንድም ሚስት ሲገናኙ መሰዳደብ ወግ ነው፤ ያልተሰዳደቡ እንደሆነ ሰው ተኳርፈዋል ይላል። እሷ ሪዞርቱ ውስጥ የእንግዶቹን ቪላዎች ታጸዳለች፤ እኔ ከኋላ በኩል ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነኝ። ጠዋት የቆሸሸ አንሶላ በጋሪ እየገፋች ስትመጣ፣ «አንቺ አሮጊት ኤሊ፣ ዛሬም አልሞትሽም?» ትለኛለች። «አንቺን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ» እላታለሁ። ከዚያ እጄ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ እሷም ወደ ቪላዎቿ ትመለሳለች።

ሥራውን ለማግኘት ብዙ ዓመት ጠብቃለች። ሪዞርቱ የተሠራው በጎሳችን መሬት ላይ ስለሆነ የሚቀጥረው ከመንደራችን ነው፤ ቢሆንም ለሁሉም አይበቃም፣ ከየቤቱ በተራ ነው። ለእነሲሬሊ ቤት ተራው የደረሰው ልጃቸው ሎሳና ዋናው ደሴት ላይ አዳሪ ትምህርት ቤት ልትገባ ስትል ነበር። ሲሬሊ ዓሣ አጥማጅ ነው። ባሕር አንዳንድ ሳምንት ይሰጣል፣ አንዳንድ ሳምንት ይነሳል፤ ትምህርት ቤት ግን ሁልጊዜ ይጠይቃል። ኡናይሲም እኔም ከስድስተኛ ክፍል አላለፍንም። ሎሳና ደግሞ ጭንቅላት አላት፤ መምህሮቿ ሁሉ ይህንኑ ነው የሚሉት። ኡናይሲ ሥራዋን ካጣች ልጅቷ ወደ መንደር እንደምትመለስ የማያውቅ ሰው በመካከላችን አልነበረም።

ሁለቱ ባለ ቦርሳዎች የመጡት ዝናቡ ሊያባራ ሲል ነው። ቤታቸውን በጀርባቸው አዝለው አገር የሚዞሩ ወጣቶች ሪዞርቱን ስለማይችሉት መንደር ውስጥ በየሰዉ ቤት ያድራሉ። ልጅቷ ሳስኪያ፣ ልጁ ዮሪስ ይባላሉ፤ አገራቸው ሆላንድ ነው። ጫማቸው አፉን ከፍቷል፣ እግራቸውን ትኋን በልቶታል። ወጉን የነገራቸው ሰው ነበረ መሰለኝ፣ እንግዳ ለሽማግሌ የሚያቀርበውን የካቫ ተክል ሥር በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው ገቡ። የጎሳችን ሽማግሌ ኤፔሊ ሥሩን ተቀበለ፣ ተጨበጨበ፣ ተጨምቆ ተጠጣ። ከዚያ በኋላ እንግዳ አይደሉም፤ ያደሩበት ቤት ልጆች ናቸው።

ያደሩት ኡናይሲ ዘንድ ነው። ሳስኪያ በሁለተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። ኡናይሲ አጠገቧ ምንጣፍ ላይ እየተኛች፣ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ እያበሰች፣ የዓሣ መረቅ በኮኮናት ወተት እያጠጣች አስነሳቻት። የተወሳሰበ ጸጉሯን ሳይቀር አጥባ ፈታችላት። ልጅቷም ስትድን «እማ» ማለት ጀመረች። አንድ ቀን የኡናይሲን ሽርጥ ከገመድ ላይ አውርዳ ማንንም ሳትጠይቅ ታጥቃው ወጣች።

«ልጅሽ ጨርቅሽን ወረሰችሽ» አልኳት።

«ማንን ታስፈቅድ? ልጄ አይደለች?» አለች እየሳቀች። ለመንደሩ ሁሉ እየዞረች አወራችው። በእኛ ዘንድ የቤት ልጅ ዕቃ አስፈቅዶ አይወስድም። ቢያስፈቅድ ነው ቅር የሚለን፣ እንደ ባዳ ቆጠረን ብለን።

ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ቀን ሲቀርብ የቀረቻቸውን ገንዘብ አራግፈው ሪዞርቱ ውስጥ ሊያርፉ አሰቡ። ዮሪስ፣ «ስንት ወር እንደ ውሻ ተኝተናል፤ ሦስት ቀን እንኳ እንደ ንጉሥ እንተኛ» አለ።

ኤፔሊ ሰምቶ፣ «የኛ ንጉሥ ምንጣፍ ላይ ነው የሚተኛው። እስካሁንስ መቼ ተጓደለባችሁ?» አለው።

ሪዞርቱ ከመንደሩ ወዲያ፣ አለቱን ዞር እንዳሉ ነው። የሳስኪያን ቦርሳ እስከ በሩ ድረስ የተሸከመችላት ኡናይሲ ናት። ነጭ አልጋ ሰጧቸው፣ አበባ የተሰካበት መጠጥ ሰጧቸው፣ የመዋኛ ገንዳው ዳር ተጋደሙ። ቪላቸው ኡናይሲ ከምታጸዳቸው አንዱ ሆነና ደስ አላት። በመጀመሪያው ቀን ሳስኪያ አይታት ሮጣ አቀፈቻት። በማግሥቱ ግን ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ፀሐይ ላይ ተኝታ ነበር፤ ሠራተኛ ደግሞ እንግዳ መጥራት ስለማይፈቀድለት ኡናይሲ ጋሪዋን እየገፋች በዝምታ አለፈች።

ቪላው ውስጥ ቦርሳዎቹ ወለሉ ላይ ተዘርግፈዋል። ካልሲው፣ አሸዋው፣ የደረቀ ዳቦው ሁሉ አንድ ላይ። ከመካከሉ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ነበር። የሲሬሊ ባትሪ ባሕር ገብቶ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ያለ ብርሃን ደግሞ የሌሊቱን ዓሣ አያገኘውም። ኡናይሲ አንስታ ዩኒፎርሟ ኪስ ከተተችው።

አንሶላውን ስታመጣልኝ፣ «ለሰነፉ ወንድምሽ ባትሪ አገኘሁለት» አለችኝ።

«ከየት?»

«ከልጄ ነዋ።»

«ነግረሻታል?»

«ስትወጣ እነግራታለሁ። አሁን ውኃ ውስጥ ናት።»

ልጅቷ ከውኃ ሳትወጣ የኡናይሲ ሰዓት ደርሶ ወደ ቤቷ ሄደች። ማታ ሳስኪያ ባትሪዋን ፈልጋ አጣችው፤ መቀበያው ጋ ሄዳ የወደቀ ዕቃ አግኝታችሁ እንደሆን ብላ ጠየቀች። አልተቆጣችም፣ ማንንም አልከሰሰችም። ጠይቃ ሄዳ ራቷን በላች።

ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ኡናይሲን አስጠራት። ሚስተር ሆልደን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

«የእንግዳዋን ባትሪ አይተሻል?» አላት።

«አዎ፣ ቤቴ ነው። ሲሬሊ ይዞት ወጥቶ ነበር። ጥሩ ያበራል አለኝ።»

ሰውየው ተነስቶ በሩን ዘጋ። «ይህን አልነገርሽኝም፣ እኔም አልሰማሁም። ሄደሽ አምጪው። ከአንሶላ ጋር ተጠቅልሎ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ተገኘ እንላለን። በዚያው ያልቃል።»

ኡናይሲ ወደ እኔ መጣች። ያን ቀን ኤሊም አላለችኝ።

«እሺ በይው እንጂ። ሊያድንሽ እኮ ነው» አልኳት።

«ከምን?»

«ከሌብነት ስም።»

«አንቺም?»

«እኔ አልወጣኝም። እነሱ ግን ሌላ ስም የላቸውም።»

የአንሶላ ጋሪውን ወደ ጥግ ገፋችው። «ልጅቷ ከፍቷት ከሆነ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ከአንሶላ ተገኘ ብዬ ግን ዓይኗን አላይም። ያን ጊዜ ነው ሌባ የምሆነው።»

«ሎሳናንስ አስበሻታል?»

«ሎሳናም እናቷ ውሸታም እንድትሆን አትፈልግም» አለችና ባትሪውን ልታመጣ ሄደች። ከቤቷም በኤፔሊ በር አልፋ ነገሩን ሁሉ ነገረችው።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ በባሕሩ ዳር መጡ። የቤተ ክርስቲያን ሸሚዛቸውን ለብሰዋል። ኤፔሊ የካቫ ሥር በሁለት እጁ ታቅፏል፣ ሲሬሊ ከኋላ አንገቱን ደፍቷል፣ ኡናይሲ ባትሪውን ይዛ ከሁሉም መጨረሻ ናት። ገንዳው ዳር ሣሩ ላይ ተቀመጡ። እንግዶቹ የማታው ጭፈራ ቀደም ብሎ የጀመረ መስሏቸው ስልካቸውን አወጡ። እኔ እጄ እንደረጠበ ከማጠቢያው ወጥቼ ቆምኩ።

የመጠጥ ቤቱ አስተናጋጅ ማናሳ እንዲያስተረጉም ተጠራ። ደረቱ በላብ ተነክሮ ነበር።

«ልጃችን ሳትነግርሽ ዕቃሽን ወሰደች» አለ ኤፔሊ መሬት መሬት እያየ። «አንቺን የቤቴ ልጅ ናት ብላ ነው። ልብሽ አዝኖ ከሆነ ያጠፋነው ሁላችንም ነን። ይህ ሥር ጥፋታችንን ይቅበርልን።»

ማናሳ ቃል በቃል፣ ጮክ ብሎ ተረጎመው። ሳስኪያ ፊቷ ቀላ። ፎጣ አንስታ ትከሻዋን ሸፈነችና መንደር እንዳየችው ተንበርክካ ሥሩን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ አጨበጨበችም።

«እማ፣ ባትሪ እኮ ነው። ለባትሪ ይህን ሁሉ?» እያለች አለቀሰች። ባትሪውንም መልሳ ለሲሬሊ ሰጠችው። ይቅርታው ከዚህ በላይ አያምርም ነበር። ሥሩን ተበዳይ ከተቀበለ ነገሩ ተቀበረ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያነሳው ሰው እሱ ራሱ ጥፋተኛ ነው። ሽማግሌዎቹ እየተቀላለዱ ተመለሱ።

አልጋ ወንበር ላይ የተጋደመች፣ ትልቅ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ግን ማናሳን በጣቷ ጠራችው። «‹ወሰደች› ነው ያልከው? ያቺ ሴትዮ የእኔንም ክፍል ነው የምታጸዳው። የፀሐይ መነጽሬ ከትናንት ጀምሮ የለም።» ከወዲያ ማዶ ደግሞ አንድ ሰውዬ ተነስቶ ሰዓቱን ሊያይ ወደ ክፍሉ ሄደ። ሰዓቱ እዚያው ነበር። ሚስተር ሆልደን ምሰሶው አጠገብ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ወደ ኡናይሲ አላየም።

ባለ ቦርሳዎቹ በማግሥቱ በጀልባው ሄዱ። ሳስኪያ ከመሄዷ በፊት ቢሮው ገብታ ስለ ኡናይሲ ለምናለች፤ ሚስተር ሆልደን «ገብቶኛል» ብሎ ሸኛት። ኡናይሲን እስክትጠሪ ቤትሽ ቆዪ አሏት። ሰኞ ጠዋት ሳትጠራ ዩኒፎርሟን ተኩሳ ለብሳ መጣች።

«ማን ጠራሽ?» አልኳት።

«ነገሩ ተቀብሮ የለም እንዴ? ልጅቷ ተቀበለች። ማን ያነሳዋል?»

«ሆልደን ሥር አልተቀበለም።»

«እሱን ምን በደልኩት?»

ቢሮ ገባች። ስትወጣ እግሯን እየጎተተች ነበር። መነጽሩ ከአልጋ ወንበሩ ትራስ ሥር ተገኝቷል፤ ሴትዮዋ ግን ለባለቤቶቹ አስቀድማ ከሳለች። «ዝም ብትሉ ኖሮ አድንሽ ነበር። በሰው ሁሉ ፊት አመናችሁ» ብሎ ሆልደን ከሥራ አስወጥቷታል። እዚያው ማጠቢያው ክፍል ዩኒፎርሟን አውልቃ፣ የእኔን አሮጌ ሽርጥ ታጥቃ ወደ መንደር ሄደች።

ቀጣዩ ተራ የኤፔሊ ቤት ነበር። ምራቱ ገባች። ማንም አልመረጣትም፣ ተራው ነው። ሽማግሌው ግን አፈረ፤ እሱ ራሱ ወደ ገንዳው የመራው ይቅርታ ቤቱን ጠቀመው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሌላ የካቫ ሥር ይዞ ኡናይሲ ደጅ ተቀመጠ። ኡናይሲ ሥሩን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ አጨበጨበችም፤ ምን ታድርግ፣ አልቀበልም የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ያም ነገር ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራው አፏን ከፍታ አታውቅም፤ እኔም አላነሳባትም።

ሎሳና የመጣችው ከትምህርት ተርሙ መጨረሻ በፊት ነው፣ ፍራሿን በገመድ አስራ። ኡናይሲ ጀልባው ዘንድ ውኃ ውስጥ ገብታ ፍራሹን በራሷ ላይ ተቀበለቻት። አሁን ባሕሩ ሲጎድል ሁለቱም ቅርጫት ይዘው ከአለቱ ላይ ቀንድ አውጣ ይለቅማሉ። ልጅቷ ፈጣን ናት፤ ቅርጫቷ ከእናቷ ቀድሞ ይሞላል።