ሶፋው እስኪጫን

ባሌ መሳቁን ያቆመ ጊዜ ነው የፈራሁት።

ቢቸና አዳራሽ ውስጥ ነን፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ። የልጄ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ቲያትር እያሳዩ ነው። ከፊት ወንበር ያስቀመጡን ያለ ነገር አይደለም። የሀብታም ሰው ሳሎን ያስፈልጋል ተብሎ ሶፋውን፣ ምንጣፉንና ጠረጴዛውን ያዋስን እኛ ነን። መምህራቸው ቤት ድረስ መጥቶ ሲጠይቅ ባሌ ደስ ብሎት፣ «ከእኔ ቤት በቀር ከየት ሊያገኙ!» እያለ ለጎረቤት ሁሉ አወራ። እህል ነጋዴ ነው። ቲያትሩ ስለምን እንደሆነ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም።

ነገሩ ስለ አንዲት ሚስት ነው። ቤቷ ሙሉ ነው፤ ከደጅ ግን አትወጣም። ባሏ በገባ በወጣ ቁጥር «ምን ጎደለሽ?» ይላታል። ሚስቲቱን ሆና የምትሠራው ልጄ ናት። ከባሌ ጎን የተቀመጠው ጓደኛው በክርኑ ጎሸም አድርጎት፣ «እንዴ! ይኸ ሶፋ እኔ ቁርጥ የበላሁበት አይደለም?» አለው። ሁለቱም ሳቁ።

መጨረሻው ላይ ሚስቲቱ ሻንጣዋን ይዛ ተነሣች። መድረክ ላይ ያለው ባሏ፣ «ሁሉን የገዛሁት እኔ፤ ምን ይዘሽ ልትወጭ ነው?» አላት። ልጄ ሶፋው ላይ የተነጠፈውን ዳንቴል አነሣች፤ እኔ በእጄ የሠራሁትን። አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ ከተተችና፣ «በዚህ ቤት የእኔ የሚባለው ይኸ ብቻ ነው» ብላ ወጣች።

ይኸን መምህሩ አልጻፈውም። ቃሉ የእኔ ነው። ሁለት ክረምት አለፈው፣ ሳሎናችን ውስጥ ለባሌ የተናገርሁት። ግራ ክንዴን የሰበረው የዚያን ዕለት ነው። ጤና ጣቢያ፣ «አዳልጧት ነው» አለ፤ እኔም አዳልጦኝ ነው አልሁ። ልጄ ጓዳ ሆና ሰምታ ኖሯል።

አዳራሹ አጨበጨበ። ያ ጓደኛው፣ «ወንድሜ፣ ሚስትህ ጥላህ ሄደች እኮ! ደግነቱ ሶፋው ተርፎልሃል!» ሲል ከኋላ ያሉት ሁሉ በሳቅ አውካኩ። ባሌ አልሳቀም። አልተቆጣምም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ የሚከፋው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ልጅሽን ይዘሽ ነይ። ቤት እንነጋገራለን» አለኝ። ልጃችን አላለም።

የቤታችን አጥር ረጅም ግንብ ነው፤ ላዩ ላይ ስባሪ ጠርሙስ ተተክሎበታል። ሉማሜ እህል ሊገዛ ሲሄድ የግቢውን በር ከውጭ ቆልፎብን ይሄዳል። «ለእናንተው ደኅንነት ነው» ይላል። ሰፈርተኛውም፣ «የታደልሽ፣ ሌባ አያሰጋሽ» ይለኛል። እኔ ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ሴት ነኝ፤ ብዙ ነገር አላውቅም። ያ በር ያን ዕለት ከኋላችን ከተቆለፈ ግን ለልጄ የሚደርስላት እንደሌለ አወቅሁ።

ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ። ልጄ ፊቷን እየጠረገች ሳቀችልኝ።

«እማዬ፣ እንዴት ነበርሁ?»

«ጎበዝ ነበርሽ። ቤት አንሄድም።»

«ምን?»

«ቃሉ የማን እንደሆነ አውቋል።»

ፊቷ አመድ መሰለ። «እኔ እኮ ለአንቺ ብየ…»

«አውቃለሁ። ተነሽ፣ ሻንጣውን ያዥ።»

ከአዳራሹ ፊት ለፊት ልጆቹ ሶፋውን በባሌ ነጭ ፒካፕ ላይ እየጫኑ ነው። የባሌ ድምፅ ይሰማል፤ «ቀስ! ቀስ በሉ እንጂ! እንዳይቧጨር! አንተ፣ እግሩን ያዘው!» እሱ ሶፋውን ሲጠብቅ እኛ በጓሮ በር ወጣን።

መናኸሪያ ስንደርስ የሞጣው ሚኒባስ አልሞላም። ሾፌሩ ሻንጣውን ሊጭን ብድግ ቢያደርገው ቀለለው።

«እናታለም፣ ባዶ ሻንጣ ታስጭኛለሽ እንዴ?»

«ቲያትር ሠርተንበት ነው» አለች ልጄ።

«ታዲያ ቲያትሩ አለቀ?»

ገብተን ከኋላ ወንበር ተቀመጥን። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናነብሁ። ነጭ ፒካፕ ባለፈ ቁጥር ልጄ እጄን ጭምቅ ታደርገዋለች። ደብረ ወርቅን ስናልፍ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። ዘጋሁት፤ ደግሞ ጮኸ። ልጄ ስልኩን ተቀብላኝ አጠፋችው።

ሞጣ ታላቅ እህቴ አለች፤ ባሏ ሞቶባት ክፍል እያከራየች ትኖራለች። በሩን ከፍታ ስታየን ለስንት ቀን ነው የመጣችሁት አላለችም። ሻንጣውን ከፍታ ዳንቴሉን ብቻ ስታገኝ ግን፣ «ውይ! ከዚያ ሁሉ ንብረት ይኸን?» አለች።

«ልጅቱም አለች» አልኋት።

ባሌ ሽማግሌ መስደዱ አይቀርም። እነሱም ምን ጎደለሽ ይሉኛል፤ ምን እንደምመልስ ገና አላውቅም። ክንዴ ይጠዘጥዘኛል። እህቴ በሩን ከውስጥ ቆልፋ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ልጄ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ እንቅልፍ ወስዷታል። ከእጁ ወጥተናል። ደኅና ነን።