በቁጥር የተጻፉ ሸማቾች

የያዙኝ ረፋዱ ላይ፣ ቦሌ ካለው ቢሮዬ ነው። ሁለት የደህንነት ሰዎች መጡ። የጉርድ ሾላን ካርታ ከግድግዳው ገንጥለው፣ ኮምፒውተሩን ነቅለው ጫኑ። ከዚያ እኔን።

ያስገቡኝ የእስር ክፍል እርጥብ ሲሚንቶ ትሸታለች። ሰባት ሰዎች ነበሩባት። ጠጋ ብለው ቦታ የሰጡኝ ጉርድ ሾላ ሱቅ የነበራቸው ሽማግሌ ናቸው።

"በምን አመጡህ?"

"በካርታ፣ ጋሼ።"

አስረዳኋቸው። ኮምፒውተር ውስጥ መንገዱንና ሱቆቹን አስገብቼ ሁለት መቶ የፈጠራ ሸማቾች ለቅቄበታለሁ። እያንዳንዱ በራሱ ወስኖ ይገዛል። አዲስ ሱቅ የት ቢከፈት እንደሚያዋጣ ከእነሱ አካሄድ ይታያል።

"ሱቁን በምን ይመርጡታል?"

"ለቤታቸው የሚቀርበውን ነው።"

ሳቁ። "ሰው ለመግዛት ብሎ ከቤቱ አይወጣም እኮ! ከታክሲ ወርዶ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ አስፋልት ሳይሻገር ነው የሚገዛው።"

ሦስት ዓመት ስሠራበት ይህን አላየሁም። ጣቴን በውሃ እያራስኩ ወለሉ ላይ መንገዱን ሳልኩ፤ እሳቸው ያርሙኛል። ውሃው ሲደርቅ እንደገና እንጀምራለን። እስኪመሽ ታስሬ መሆኔን ረሳሁት።

በማግስቱ ጠዋት ተጠራሁ። መርማሪው ከኮምፒውተሩ የታተመውን ወረቀት ዘርግቶታል፤ ነጥብና ቁጥር ብቻ ነው።

"እነዚህ ሁለት መቶ ሰዎች እነማን ናቸው?"

"ሰዎች አይደሉም። የፈጠራ ሸማቾች ናቸው።"

"ታዲያ ስማቸውን በቁጥር ለምን ደበቅክ?"

"ስም የላቸውም።"

ሌላ ወረቀት ገፋልኝ። ነጥቦቹ በህቡዕ ያደራጀኋቸው አባላት ናቸው ይላል። "ፈርምና ቤትህ ግባ" አለኝ።

ቤቴ መግባት እፈልግ ነበር። ግን ብፈርም ለእያንዳንዱ ነጥብ ስም ይፈለግለታል፤ ስሙም የሚገኘው ማታ ማታ ከማስተምራቸው ተማሪዎችና ከጎረቤቶቼ ነው። እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ጻፍኩ፦ "ሸማቾቹ ፈጠራ ናቸው። በመንገዳቸው ላይ ግን ተሳስቻለሁ። የሚገዙት ከታክሲ ወርደው ወደ ቤታቸው ሲገቡ ነው።" ከሥሩ ፈረምኩ።

"ምንድነው ይሄ?"

"የማምነው ጥፋት ይሄ ብቻ ነው።"

ወደ ክፍሉ የተመለስኩት መነጽሬን በእጄ ይዤ ነው፤ አንዱ መስታወት የለም። ሽማግሌው ነጠላቸውን ቀደው የሚደማውን ግንባሬን አሰሩልኝ።

አምስት ወር ቆየሁ። በነጥቦቹ ሰበብ ሌላ የተያዘ ሰው አልነበረም። ስወጣ ኮምፒውተሩ አልተመለሰልኝም፤ ፕሮግራሙን በሽማግሌው ምክር ከመጀመሪያው ጻፍኩት፣ ሠራም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ወረቀት ፈርሜያለሁ። የዚያን ጠዋት ያህል እጄ የረጋበት ጊዜ ግን ትዝ አይለኝም።