ጌታ ሳይናገረኝ «ተናገረኝ» ስላልኩት ስለ ልጄ ትምህርት

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ ያደረገልኝን ልነግራችሁ ፈልጌ ዛሬ ተነሥቻለሁ። በቃሌ ብናገረው ቃሉ ይሸሽብኛል፣ አውቀዋለሁ። ስለዚህ አራት ቀን ፈጅቼ በራሴ እጅ ጻፍኩት። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረው፤ ፊደሉ ቢጣመም ነገሩ ቀጥ ያለ ነው። እኔ ከደዌ አልተፈወስኩም፣ ከመኪና አደጋም አልተረፍኩም። ከውሸት ነው የዳንኩት። ጌታ ይባረክ!

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ካስተም ገበያ ላይ፣ የዩጋንዳ ጭነት መኪኖች ከሚያራግፉበት ጀርባ፣ በርና መስኮት እበይዳለሁ። ሎሎጎ ሰፈር ውስጥ ያሉ የብረት በሮች ብዙዎቹ የእኔ እጅ ናቸው። ጁባ ስመጣ የደቡብ ሱዳን ሰላም ከተፈረመ ገና ዓመቱ ነበር። ባለቤቴን አየለችንና ልጄን ትዕግሥትን ሐዋሳ ትቼ ነው የመጣሁት። አየለች የጸሎት ሰው ነበረች፤ እኔ እሷን «አንቺ ጸልዪ፣ እኔ ልሥራ» የምል ሰው ነበርኩ። በሦስተኛው ዓመት አየለች ታመመች። እኔ እዚህ በር ስበይድ እሷ እዚያ አረፈች። ቀብሯ ላይ አልደረስኩም።

ያኔ ነው እናንተ ቤቴ መጥታችሁ ያለቀሳችሁልኝ። ስሙ ይክበር! እኔም ከዚያ በኋላ እዚህ ጸሎት ቤት መምጣት ጀመርኩ። እውነቱን ልናገር፣ ለማልቀስ ነበር የምመጣው። ቆይቼ ሃሌሉያ ማለት ተማርኩ፣ እጅ ማንሳት ተማርኩ። ወንድሞቼ፣ ይህን ሁሉ ሰው ሳያምንም ይማረዋል። እኔ ተምሬዋለሁ።

ትዕግሥት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትጨርስ ወደኔ መጣች። ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቹን ይዛ ስታስተምር አይታችኋታል። የዮናስን ዓሣ በካርቶን ስላ፣ አፉን ከፍታ ስትዘጋ ልጆቹ ይንጫጫሉ። እኔ ይህን ጨዋታ ነው ብዬ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ እንዲህ አለችኝ።

«አባዬ፣ ዩኒቨርሲቲ መማር የምፈልገውን አውቄዋለሁ። አኒሜሽን።»

«ምንድን ነው እሱ? በሽታ ነው?»

«የሚንቀሳቀስ ሥዕል ነው አባዬ። አንዱን ሥዕል ከአንዱ ጥቂት እየለወጥክ ትስላለህ፣ በተከታታይ ሲታይ ሰውየው ይራመዳል።»

«ካርቱን በይዋ! እኔ ላሜራ ስፈጭ ዓይኔን የጨረስኩት ካርቱን እንድትስዪ ነው?»

«ዓይንህንማ የጨረስከው መነጽር አድርግ ስትባል እምቢ እያልክ ነው።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እኔ ለትዕግሥት ነርስነት ቆርጬላት ነበር። ካስተም ላይ ብረት ለሚሸጡልኝ ሳይቀር «ልጄ ነርስ ትሆናለች» ብዬ አውርቻለሁ። ለምን ብትሉኝ፣ እናቷ አጠገብ አንድ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮ እላለሁ። ሁልጊዜ እላለሁ። ይህን ግን ለልጄ አልነገርኳትም። ለእሷ የነገርኳት «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» የሚለውን ብቻ ነው።

እህት ኛዳክን ታውቋታላችሁ። ጋምቤላ፣ ኢታንግ የስደተኞች ካምፕ ያደገች፣ አሁን ቢሮ የምትሠራው፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱን ከትዕግሥት ጋር የምትይዘው ናት። ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች።

«ጋሼ፣ እዚህ አጠገባችን ካምፓላ ትምህርቱ አለ። ፎርሙ ይኸውና። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግም አለ፤ ግን የመጀመሪያ ምርጫ አንድ ነው የሚጻፈው። ቁጭ ብለን እንመካከርበት።»

«ምክር አያስፈልግም።»

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም ጋሼ፣ አይቆጡ። እንግዲያው ቆሜ እመክራለሁ።»

ቆማ መከረችኝ። እሷና ትዕግሥት አንድ ላይ ሆነው ነገሩን አስረዱኝ፤ እኔ ደግሞ ብረት እየሞረድኩ እንዳልሰማ ሆንኩ። ሲከራከሩ ጥሩ ክርክር ነበራቸው፣ መልስ አጣሁ። መልስ ያጣ እልኸኛ ሰው ምን ያደርጋል? እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ጌታ ይቅር ብሎኛል።

በሚቀጥለው እሑድ በጸሎቱ ሰዓት ከፊት ተንበረከክሁ። ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትጮኻላችሁ። እኔ ተነሣሁ፣ ማይኩን ያዝኩ፣ ድምፄን አንቀጠቀጥሁና «ጌታ ተናገረኝ! ልጄ ትዕግሥት ሕሙማንን ታገለግላለች ብሎ ተናገረኝ!» አልኩ።

ወገኖቼ፣ ጌታ ምንም አልተናገረኝም። ጉልበቴን ብቻ ነው ያመመኝ።

እናንተ ግን እልል አላችሁ። ፓስተራችን ፎርሙን አስመጥቶ እጁን ጭኖ ጸለየበት። በእኛ ቤት «ጌታ ተናገረኝ» ከተባለ ማን ይከራከራል? ኛዳክ እንኳ አንገቷን ደፋች። ልጄም «አሜን» አለች። ቤት ገብታ የመጀመሪያ ምርጫ በሚለው ላይ ነርሲንግ ብላ ጻፈች። አሸነፍሁ! ያሸነፍሁት ልጄን ነው፣ መሣሪያዬም የጌታ ስም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ትዕግሥት አልከፋችም፣ አልተቆጣችም። ምግቤን ታቀርባለች፣ ልብሴን ታጥባለች። ለልጆቹ ግን መሳል አቆመች። አንዲት ትንሽ ልጅ ካስተም ድረስ ከእናቷ ጋር መጥታ «አባባ፣ ዓሣው የታለ?» አለችኝ።

ፎርሙ በካምፓላ አውቶቡስ ሊላክ ሦስት ቀን ሲቀረው ዝናብ ጣለ። ዝናብ ሲኖር ብየዳ የለም፤ ጄኔሬተሩን አጥፍቼ በቀትር ቤቴ ገባሁ። ትዕግሥት ማላኪያ ገበያ ሄዳ ነበር። የበር ልክ የምጽፍበት ወረቀት ፈልጌ ከጠረጴዛው ላይ ደብተሯን አነሣሁ። ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ሥዕል አየሁ። በየገጹ አለ። በአውራ ጣቴ ይዤ ለቀቅ ለቀቅ ሳደርገው፣ ወንድሞቼ፣ ሥዕሉ ተነሥቶ ሄደ!

ቀጭን እግር ያለው ሽማግሌ ነው። ወንበር ይይዛል። ግራ ጉልበቱን ያስቀድማል፣ ቀኙን እያቃሰተ ያስከትላል። ድምፅ የለውም፣ እኔ ግን ማቃሰቱን ሰማሁት። «ይሄማ እኔ ነኝ!» ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ይጸልያል። ከዚያ አንድ ዓይኑን ይከፍታል። ወደ ቀኝ ያያል። ወደ ግራ ያያል። መልሶ ይጨፍናል። ከዚያም እጁን ወደ ሰማይ አንሥቶ ይቆማል።

ሳቄን ተውሁ፤ ያን እሑድ ማይኩን ከመያዜ በፊት እኔም እንዲሁ ዓይኔን ከፍቼ ነበር። እንደገና ገለጥሁት። እንደገና ዓይኑን ከፈተ። ስንት ጊዜ እንደገለጥሁት አላውቅም፤ አንድ ጊዜም ሳይከፍት አልቀረም።

ትዕግሥት በዝናብ ርሳ ስትገባ ደብተሩ እጄ ላይ ነበር። አየችኝ፣ ቆመች።

«አይተሽኝ ነበር?»

«ልጆቹን እየጠበቅሁ ስለነበር ዓይኔን አልጨፈንኩም አባዬ። አየሁህ።»

«ውሸት መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አሜን አልሽ? ለምን ዝም አልሽ?»

ፎጣ አንሥታ ፀጉሯን ማድረቅ ጀመረች። ፊቷን ሸፍና ነው የመለሰችልኝ።

«እና ጉባኤው ፊት አባቴን ላዋርድ? ደግሞ ነርስ ሁኚ የምትለኝ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ለእማዬ ነው። እኔ ነኝ አጠገቧ የነበርኩት፣ አባዬ። ነርሶች ነበሩ። ጎበዞችም ነበሩ። ሌሊትና ቀን ያልተለዩን ነበሩ። የሚቻለው ሁሉ ተደርጎላታል።»

ወገኖቼ፣ ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ጠይቄም አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ባለቤቴ ያለ ሰው የሞተች ይመስለኝ ነበር። መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ብረት ከእግሬ ላይ ወድቆ ያላለቀስኩ ሰው እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ልጄም አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጌታ ሆይ፣ በስምህ ዋሽቻለሁ» አልኩ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም። ያንኑ ደጋገምሁት። ሃሌሉያ እያልኩ ሁለት ዓመት ያልቀረብሁትን ጌታ በዚያች በአንዲት ቃል ቀረብሁት። ያመንሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ልምምድ ነው። ክብር ለእርሱ ይሁን! ከጸሎቱ ስንነሣ ትዕግሥት ክንዴን ይዛ «አሁንስ አልከፈትክም» አለችኝ።

በማግስቱ ፓስተር ዘንድ ሄጄ ሁሉን ነገርሁት። ያባርረኛል ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን «ጋሽ ኃይሉ፣ እኔም ሳልመረምር አሜን ብያለሁ። ሁለታችንም ንስሐ እንገባለን» አለኝ። ቀጥሎ ጠየቀኝ።

«አሁንስ ጌታ ምን ትማር አለህ?»

«ምንም አላለኝም፣ ፓስተር።»

«እኔንም ምንም አላለኝም። እንግዲህ ልጅቷን እንጠይቃት።»

ይህን ያህል ቀላል ነበር! ጠየቅናት። ኛዳክ ቢሮዋ ወስዳ ኮምፒውተር ከፈተችልን። ልጄ ስታስረዳኝ ያን ቀን ብረት አልሞረድሁም፣ ሰማሁ። ለዚህ ሥራ ሦስት መንገድ አለ አለችኝ። አንዱ የኮምፒውተር ዲግሪ ነው፣ ማሽኑን ያስተምራል። አንዱ የሥዕል ዲግሪ ነው፣ እጅንና ዓይንን ያስተምራል። ሦስተኛው ራሱ አኒሜሽን የሚባለው ነው፤ እሱም ቢሆን እንደየትምህርት ቤቱ ይለያያል። ኛዳክ ደግሞ «የዲግሪውን ስም አይዩ ጋሼ፣ ተማሪዎቹ የሠሩትን ይዩ» አለች። አሳየችን።

የአንድ ሌላ ትምህርት ቤት ሥራ ያብረቀርቃል፣ ቀለሙ ያምራል። አንድ ሰው ጆንያ ተሸክሞ ይሄዳል። እኔ ብረት ተሸክሜ ያረጀሁ ሰው ነኝ።

«ይሄ ጆንያ ባዶ ነው» አልኩ። «ሰውየው መሬት አልረገጠም። የተሸከመ ሰው ወገቡ እንዲህ አይሆንም።»

ትዕግሥት ከወንበሯ ተነሥታ ግንባሬን ሳመችኝ። «አባዬ! እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነው!» አለች። የካምፓላዎቹ ሥራ አያብረቀርቅም። አንዲት አሮጊት ባልዲ ስታነሣ ብቻ ነው ያለው። ባልዲው ግን ይከብዳል። መጀመሪያ ሁለት ዓመት የሰውን ገላ በእርሳስ መሳል ያስተምራሉ፣ ማሽኑ ከዚያ በኋላ ነው። ልጄ ይህን መረጠች። እሷ መረጠች፣ እኔ አይደለሁም።

ፎርሙን ልናስተካክል ስንል ደግሞ አንዲት እናታችን፣ ስማቸውን አልጠራም፣ «የተጸለየበት ፎርም እንዴት ይሰረዛል? አያስፈራም?» አሉ። ልጄም መሰረዙን ተወችው። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ነርሲንግ የሚለውን እኔው ሰረዝሁት። «የሚያስፈራውስ መጀመሪያ ያደረግሁት ነው» አልኳቸው። ፎርሙ እንዲህ እንደተሰረዘ በአውቶቡስ ሄደ። ከሥዕሎቿ ጋር ሄደ፤ ካስተም ያሉት ጫኝ አውራጆች ሁሉ ተስለው ሄደዋል። እኔም አለሁበት፣ መዶሻ ይዤ።

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ መልሱ ገና አልመጣም። ይቀበሏት አይቀበሏት አላውቅም። ሰው ምስክርነት የሚሰጠው መልሱ ሲመጣ ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ የዳንሁት ግን ከመልሱ በፊት ነው። ቢቀበሏት አመሰግናለሁ። ባይቀበሏትም ልጄ አታጣኝም፣ እኔም ጌታን አላጣም። ዛሬ እሷ ታወራኛለች፣ እኔም እሰማለሁ፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ተአምር ነው። ጌታ ይመስገን!

እናንት አባቶች፣ በተለይ እናንት እንደ እኔ ግትሮች፣ ልመና አለኝ። ጌታ ሲናገር እርሱ ራሱ ያውቅበታል፣ አፍ አናበድረው። ያልተነገራችሁን «አልሰማሁም» በሉ፤ አያሳፍርም፣ እኔ አልኩት፣ አልሞትኩም። ይልቅ እርሱን እመኑት። ልጆቻችሁን ከእናንተ በላይ ያውቃቸዋል። በልባችሁ ይህን መሰል ነገር የያዛችሁ ካላችሁ ወደ ፊት ኑ፤ እኔም ከእናንተ ጋር እንበረከካለሁ፣ ስነሣ ብቻ አንዳችሁ እጄን ያዙኝ። የታመነ ጌታ ነው። ለዘላለም ይክበር!