ድንኳኑ ጋ ያልቆመው መኪና

የታሰርኩት በምርጫው ማግሥት ነው። የፓርቲያችን ታዛቢ ነበርኩና ምርጫ ጣቢያው በር ላይ የተለጠፈውን ውጤት አይቼ «አልፈርምም፤ ተሰርቋል!» ብዬ ጮህኩ። በዚያች በአምባሰል በኩል ባለች ቀበሌ አሸናፊው ፓርቲ ድምፁን ጠራርጎ ወስዶ ለእኛ የተረፈን የአንድ ቤተሰብ የሚያህል ነበር። ሁለት ሚሊሻዎች ግራና ቀኝ ክንዴን ይዘው ሐይቅ ከተማ ጫፍ ላይ ካለ አሮጌ የእህል መጋዘን አስገብተው ቆለፉብኝ።

መጋዘኑ የማሽላና የነቀዝ መድኃኒት ይሸታል። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ከረፋድ ጀምሮ ያቃጥላል። ከግድግዳው አናት ባለች ቀዳዳ ሐይቁ በትንሹ ይታያል፤ ውኃ እያዩ መጠማት እንዴት እንደሚያናድድ ያወቅኩት እዚያ ነው።

ውስጥ አንድ ሽማግሌ ብቻ አገኘሁ። በተከለከለ መረብ ዓሣ አስግረዋል ተብለው ነው የታሰሩት። ቀበሌያቸውን ሲነግሩኝ ያው የተሸነፍንባት ሆነች፤ ምስክር ያገኘሁ መስሎኝ ደስ አለኝ።

«አባቴ፣ ድምፅዎን እንደሰረቁዎት ያውቃሉ?»

«የኔን ማንም አልሰረቀኝ። ወላሂ በገዛ እጄ ለነሱ ሰጠሁ።»

ቆሽቴ አረረ። ከካድሬ ጋር ያሰሩኝ መሰለኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ሁለት ቀን አኮረፍኳቸው። መርማሪው በየጠዋቱ አንድ ወረቀት ይዞ ይመጣል፦ «ውጤቱን ተቀብያለሁ፤ ሕዝቡንም ለአመፅ ቀስቅሻለሁ» ይላል። ፈርመህ ውጣ ይለኛል። በየጠዋቱ እወረውርለታለሁ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ራሳቸው ተናገሩ።

«አንተ ልጅ፣ ለምን ብለህ እንኳ አልጠየቅኸኝም።»

«እሺ፣ ለምን?» አልኩ፤ ፊቴን ሳላዞር።

«ማይክ ይዘህ በኛ ደጅ ያለፍኸው አንተ አይደለህ? ድምፅህን ተገባህ ጀምሮ አውቄዋለሁ። ድንኳኑን አይተህ ምን እንዳልህ ታስታውሳለህ?»

አስታወስኩ። በቅስቀሳው ሳምንት በአንድ ቀን ብዙ ቀበሌ እንድናዳርስ ታዘን፣ የአምባሰል ዘፈን በድምፅ ማጉያ ለቀን እንበር ነበር። መንገድ ዳር የሸራ ድንኳን አየሁ። ሰርግ መሰለኝና በማይኩ «እንኳን ደስ ያላችሁ! ድምፃችሁን ለእኛ!» አልኩ። መኪናው አልቆመም።

«ባለቤቴን በቀበርሁ በማግሥቱ ነው» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«እነሱስ?» አልኩ፤ አሸናፊዎቹን ማለቴ ነው።

«መጡ። ጫማቸውን አውልቀው ሦስት ቀን ተቀመጡ። ማዳበሪያችንን የበሉ ሌቦች ናቸው፤ አውቃለሁ። ግን ተቀመጡ።»

ተናደድኩ። በእሳቸው፣ በሹፌሩ፣ ፕሮግራሙን አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ባወጣው ጽሕፈት ቤታችን ተናደድኩ። ንዴቱ ሲያልቅ እፍረቱ ቀረ። ሌሊቱን ሙሉ የገዛ ድምፄ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሲል ይሰማኝ ነበር።

ጠዋት መርማሪው ሲመጣ እስክሪብቶ ጠየቅኩት። ፈገግ ብሎ ሰጠኝ። ስለ አመፅ የሚለውን ሰረዝኩና ከሥሩ «በዚህች ቀበሌ ተሸንፈናል» ብዬ በእጄ ጽፌ ፈረምኩ።

«ታሾፍብኛለህ? ሙሉውን ካልፈረምክ አትወጣም!»

«መሸነፌን እኔ ራሴ አምኛለሁ። ወንጀሉን ግን አንተ ነህ የፈጠርክልኝ።»

በጥፊ መታኝና ወረቀቱን ቀዶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ቆይቼ ያለ ፊርማ ለቀቁኝ። ያን ሰው እስከ ዛሬ አልወደውም፤ ልወደውም አልሞክርም።

ያን ጠዋት መርማሪው ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ጫማዬን አውልቄ ሽማግሌው አጠገብ ተቀመጥኩ። ስለ ባለቤታቸው «አላህ ይርሐማቸው» አልኳቸው። ጋቢያቸውን ዘርግተው ቦታ ለቀቁልኝ። እስኪመሽ ድረስ አብረን ተቀመጥን።

ኋላ ጦርነቱ መጣ፤ ሐይቅንም ረግጧት አለፈ። ሲበርድ ፓርቲያችን የምርጫውን ውጤት ለመገምገም ተሰበሰበ። ከመድረኩ የሚሰማው «ተዘረፍን» ብቻ ነበር። የተዘረፍንበት ቦታ አለ፤ አልክድም። እጄን አውጥቼ የድንኳኑን ነገር ነገርኳቸው። ሰብሳቢው «ይህ የግል ገጠመኝ ነው፤ ወደ አጀንዳችን እንመለስ» አለ። ለእኔ አጀንዳው እሱ ነበር። ሰው ለምን እንዳልመረጠው ያልጠየቀ ፓርቲ፣ ቢያሸንፍስ ማንን ሊጠይቅ ነው?

ባለፈው ክረምት ማንም ሳይልከኝ ወደዚያች ቀበሌ ሄድኩ። ሽማግሌው ከደጃቸው ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ምርጫ ደረሰ እንዴ?»

«ኧረ አልደረሰም፣ አባቴ።»

«እንግዲያ ግባ» አሉኝ።