የተቀደደው የዝይ ጨዋታ

ከነፃነት በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ዓመታት አሮጌ የገበታ ጨዋታ የመሰብሰብ ልማድ ያዘኝ። ሥራዬ መካኒክነት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ማኪና ስር ተኝቼ ስለምውል፣ እሁድ ሲመጣ እጄ ዘይት ያልነካው ነገር ይፈልግ ነበር። ጣሊያኖቹ ትተዋቸው የሄዱ ዳማዎችና ቶምቦላዎች እዳጋ ሓሙስ ገበያ፣ አሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ፣ ከመጥበሻና ከተሰበረ ራዲዮ ጋር ተደባልቀው ይገኙ ነበር። አዲስ አበባ ያደገችው ባለቤቴ በአማርኛዋ "ቤቱን መጋዘን አደረግኸው እኮ" እያለች ታጉረመርም ነበር። የመጀመሪያውን ዳማ ጠግኜ በቆርኪ ስንጫወት ካሸነፈችኝ በኋላ ግን ማጉረምረሙን ተወችው።

አንድ ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ ሻጭ ስኒ የደረደሩበት ካርቶን ዓይኔን ሳበው። ስኒዎቹን አስፈቅጄ አነሳሁ። እንደ ቀንድ አውጣ ቤት እየተጠቀለለ ወደ መሃል የሚገባ መንገድ ተሥሎበታል፤ መንገዱ ቁጥር ባላቸው ክፍሎች ተከፋፍሎ እዚህም እዚያም ነጭ ዝይ ቆማለች። ካርቶኑ ከመሃሉ ተሰንጥቋል፤ መንገዱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሥዕሉ ተልጧል።

"አቦይ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አልኳቸው።

"እኔ ምን አውቄ! ስኒ ይሸከማል" አሉኝ።

ጸጸራት ወዳለው ቤታችን ይዤው ገባሁ። ያን ጊዜ እናቴና ታላቅ እህቴ አብረውን ይኖሩ ነበር። እህቴ ከትግል ሜዳ የተመለሰች ታጋይ ናት። በእኔና በእሷ መሃል የተወለደው ወንድማችን ተከትሏት ወጥቶ ነበር፤ እሷ ተመለሰች፣ እሱ አልተመለሰም። ስለ እሱ ቤት ውስጥ አይወራም ነበር። እህቴ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች፤ እናቴም በዓይኗ ትከተላታለች እንጂ ምንም አትጠይቃትም።

ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ ሳደርገው እናቴ ጠጋ ብላ አየችው። "ይሄንንማ አውቀዋለሁ" አለች። በልጅነቷ ጣሊያን ቤት ተቀጥራ ሠርታለች። "ዝናብ የጣለ ቀን ልጆቹ እዚህ ላይ ነበር የሚጣሉት። እኔ ቆሜ አያቸዋለሁ።"

የደረቀ ዳቦ ፈርፍሬ ላዩን በቀስታ አሸሁት፤ የስንት ዓመት ጥቀርሻ ከፍርፋሪው ጋር ጠቁሮ ወጣ። ስንጥቁን በዱቄት ሙጫ አጣብቄ፣ ከጀርባው ጨርቅ ለጥፌ፣ እንዳይጣመም ከጋራዥ ያመጣሁትን ከባድ ብረት ጫንኩበት።

"ዳዶ ደግሞ የለውም" አልኳት ባለቤቴን።

"ጋራዡ ሙሉ ዳዶ አይደል እንዴ?" አለች፤ የብሎኑ መስሏት። ነጥብ ያለውን፣ የሚወረወረውን ማለቴ እንደሆነ ሲገባት በራሷ ሳቀች። ከወይራ እንጨት ሁለት ቀረጽኩና ነጥቦቹን በጋለ ሚስማር ተኮስኳቸው።

የተላጠው ቦታ ግን ከእኔ አቅም በላይ ነበር። እህቴ ሜዳ ሳለች ፊደል ለሚማሩ ታጋዮች ሥዕል ትሥል ስለነበር እሷን ለመንኳት።

"ሕራይ" ብላ ተስማማች። "ምን ነበረበት?"

እናቴ እያስታወሰች ትነግራት ጀመር። እስር ቤት ነበር፤ እዚያ የገባ ሌላ ሰው መጥቶ እስኪተካው አይወጣም። ከዚያ ዝይ ነበረች። ከዚያ...

"ከዚያስ፣ አደይ?"

"ሞት ነበረ። የሰው ራስ ቅል። ደረስኩ ስትዪ እዚያ ትወድቂያለሽ። እሱን አትሣዪው፣ ልጄ።"

እህቴ እርሳሱን አስቀመጠች። "እዚያ የወደቀ ሰው ምን ይሆናል?"

"ወደ መጀመሪያው ተመልሶ እንደገና ይነሳል።"

"እንደገና ከተነሳማ ምኑን ሞት ሆነ!" አለች እህቴ። ካርቶኑን እያየች የወንድማችንን ስም ጠራች። ከተመለሰች ወዲህ ስሙን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። "ድንጋይ ላይ ዳማ ሥለን በጥይት ቀለህ እንጫወት ነበር። ሲሸነፍ ቀለሁን በሙሉ በእጁ ጠርጎ ይበትነዋል። ንዴቱ ሲበርድለት ደግሞ ራሱ እየዞረ ይለቅመዋል።"

"እዚህም እንደዚያው ነበር" አለች እናቴ። "ዳማ እንዲጫወትበት የሰጠሁትን ባቄላ ስንቴ በትኖብኛል!" እየሳቀች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። እንዴት እንደሞተ ያን ቀንም አልጠየቀችም። ከማን ጋር ይጫወት እንደነበር፣ ሲያሸንፍ ምን ይል እንደነበር ግን የቀዳችው ሻሂ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጠየቀቻት። እህቴም ሁሉንም መለሰችላት።

ቅሉን አልሣለችውም። ክፍሉን ነጭ አድርጋ ቁጥሩን ብቻ ጻፈችበት።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ አራታችንም ጠረጴዛውን ከበብን። እናቴ አንድ ባቄላ ያዘች፣ ሁላችንንም ቀድማ ሄደች፣ ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት ነጩ ክፍል ላይ አረፈች። እሷ ባቄላዋን አንስታ መንገዱ መነሻ ላይ አስቀመጠችና "በሉ፣ ተራው የማን ነው?" አለች።

ያሸነፈችው እህቴ ነበረች። እናቴ ግን አልተቀበለችም። "ዳዶውን አልወረወርሽውም፤ አስቀመጥሽው!"

"ኣይፋል፣ አደይ! ወርውሬዋለሁ!"

"አስቀመጥሽው፤ በዓይኔ አይቻለሁ!"

ሁለቱ ሲከራከሩ ባለቤቴ በሳቅ ወንበሯ ላይ ተንፈራፈረች።

ከዚያ ወዲህ እህቴ ቅዳሜ ቅዳሜ አብራኝ ገበያ ትወጣ ጀመር። ሻጮቹ ታጋይ ናት ብለው ይፈሯት ስለነበር መልካም መልካሙን ዕቃ ያገኘነው በእሷ ነው። በኋላ ማይ ተመናይ ሰፈር የራሷን ቤት ስትይዝ የዝይ ጨዋታውን እንድትወስደው ለመንናት፤ እምቢ አለች። "እዚሁ ይቀመጥ፤ መምጫ ምክንያት ይሁነኝ" አለች።

እናቴ ተቆጣች። "እናትሽ ቤት ለመምጣት ምን ምክንያት ያስፈልግሻል?" ካለቻት በኋላ በሩ ድረስ ሸኘቻት፤ እዚያም ቆመው ረጅም ሰዓት ሲያወሩ ሰማኋቸው።